ከባሕር ዳር ለረጅም ጉዞ የትኛው ብስክሌት ይሻላል? ባለ 28፣ ባለ ሾክ፣ ያገለገለ ማውንቴን፣ ኮርስና የጉዞ ብስክሌት ጎን ለጎን

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ መጥፎ ብስክሌት የለም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ የተገኘውን ይዘው ቢወጡ ይነዳል። ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሱቅ በር ላይ አምስት ደቂቃ ተነድቶ «አሪፍ ነው» የተባለ ብስክሌት፣ 15 ኪሎ ጓዝ ተጭኖበት ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት ሲጀምር ጉዱ ይወጣል።

ይህ ንጽጽር በብስክሌት አገር ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የጣናን ዙሪያ፣ እየደፈረ ሲሄድ ደግሞ ኬንያን ወይም ሩዋንዳን። በቀን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አውቶቡስ በማይቆምባቸው ከተሞች ያድራል፣ ምሳውን ገበያ መሐል ይበላል፣ መንገድ ጠይቆ ይሳሳታል። የሰው አገር ከዚህ በተሻለ አይታወቅም። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ብስክሌት የሚመረጠው በቀለሙም በማርሹ ብዛትም አይደለም። ሦስት ነገር ይታያል፦ በጣም ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ነው፣ ጭነት የሚታሰርበት ቦታ አለው ወይ፣ ሲሰበርስ ዳንግላ ወይም ሞያሌ ላይ ይጠገናል ወይ።

መንገዱ ምን ይጠይቃል?

ዘጌና ጢስ ዓባይ የአንድ ቀን መንገድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ለእነዚህ ብቻ ከሆነ መግዛትም አያስፈልግም፤ ተከራይቶ ማለዳ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። የኪራይ ብስክሌት ሲቀበሉ ሁለቱንም ፍሬኖች ለየብቻ ይዞ መሞከር ግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነውና።

ባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐሙሲት በኩል እስከ ወረታ ድረስ ብዙም አይከብድም፤ የፎገራ ሜዳ እንደ ስሙ ሜዳ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከአዲስ ዘመን በኋላ፣ በአሞራ ገደል አካባቢና ከዚያ ወዲያ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 በላይ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ወጥቶ ይወርዳል፣ ወርዶ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚወጣው ዳገት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ለጀማሪ ሦስት ቀን፣ ለለመደ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

በደቡብ በኩል መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ እያለ መንገዱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ፈተናው ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ነው፤ ዓባይ በረሃ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ተወርዶ፣ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጣ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይጨምራል። ከባሕር ዳር በየብስ ወደ ኬንያ የሚሄድ ሁሉ ብስክሌቱን የሚፈትነው እዚህ ነው።

በክረምት ሌላ ጠላት አለ፤ ዋልካ አፈር። ፎገራ ላይ ከአስፋልት ወርዶ አንድ ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ጭቃው ጎማና የጭቃ መከላከያ መካከል ገብቶ መንኮራኩሩን ሲያቆመው ያያል። በጎማውና በፍሬሙ መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት የሌለው ብስክሌት ከሰኔ እስከ መስከረም ከአስፋልት መውረድ የለበትም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የመንገዱ ሰላም አለ። ማለዳ ከመነሳት በፊት ከሾፌሮችና ካደሩበት ከተማ ሰዎች መጠየቅ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ማደሪያ መግባት፣ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ጉዞውን መተው ያስፈልጋል። ይህ ሳይረጋገጥ ስለ ብስክሌት ማውራት ከንቱ ነው።

የማርሹ ስሌት

ሻጭ «21 ማርሽ አለው» ሲል ምንም አልነገራችሁም። መጠየቅ ያለበት በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ ስንት ሜትር ይሄዳል የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፊት ያለውን የትንሹን ክብ ጥርሶች ቁጠሩ፣ ከኋላ ያለውን የትልቁን ቁጠሩ፣ የፊቱን ለኋላው አካፍሉ፣ ውጤቱን በጎማው ዙሪያ ርዝመት አባዙ። የባለ 26 ጎማ ዙሪያ 2.05 ሜትር፣ የኮርስ (የባለ ቀጭን ጎማው የውድድር ብስክሌት) 2.1፣ የወፍራሙ ባለ 28 ደግሞ 2.2 ሜትር ገደማ ነው። የተለመዱት እንዲህ ይሆናሉ፦

| ዓይነት | ጥርስ (የፊት ለኋላ) | በአንድ ዙር | ባዶ ክብደት | ጥገና በመንገድ |
|---|---|---|---|---|
| ባለ አንድ ማርሽ ባለ 28 | 44 ለ 18 | 5.4 ሜትር | 18–22 ኪሎ | የትም |
| አዲስ ባለ ሁለት ሾክ | 24 ለ 28 | 1.8 ሜትር | 16–19 ኪሎ | ጎማና ሰንሰለት ብቻ |
| ያገለገለ ማውንቴን | 22 ለ 34 | 1.3 ሜትር | 12–15 ኪሎ | አብዛኛው |
| ኮርስ | 34 ለ 28 | 2.55 ሜትር | 8–11 ኪሎ | ጥቂቱ |
| የጉዞ ብስክሌት | 26 ለ 36 | 1.6 ሜትር | 13–16 ኪሎ | እንደ ዕቃው |

ነጂው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በድምሩ 100 ኪሎ ናቸው እንበል፤ ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ይሁን። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ሰው በባለ አንድ ማርሹ ላይ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት፤ ለዳገቱ ብቻ 320 ዋት ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ያ የተወዳዳሪ ጉልበት ነው። ባገለገለው ማውንቴን ላይ ግን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተሳበ 80 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ ይህን ጤነኛ ሰው ለሰዓታት ይችለዋል። በዝግታ መሄዱ የሚያሳፍረው ካለ፣ ከጉልበት ሕመም ጋር ቤት መመለስ የበለጠ ያሳፍራል።

ለጣና ዙሪያ ከ2 ሜትር በታች የሚወርድ ማርሽ ይበቃል። ለዓባይ በረሃ ወይም ለሩዋንዳ ኮረብታ 1.6 እና ከዚያ በታች ፈልጉ።

ባለ አንድ ማርሽ ባለ 28

ጥንታዊው የብረት ብስክሌት የሚናቅ አይደለም። ፍሬሙ ቢሰነጠቅ ማንኛውም በያጅ ይበይደዋል፤ የኋላ መጫኛው ከነፍሱ 30 ኪሎ ይሸከማል፤ ሰንሰለቱ ወፍራም ስለሆነ ለአቧራ ደንታ የለውም። ኬንያ ውስጥ «ብላክ ማምባ» የሚሉት ዘመዱ ነው፤ እዚያም ዕቃው በየገጠሩ ይገኛል።

ችግሩ ፍሬኑ ነው። በዘንግ የሚሳበው ፍሬን ደካማ ነው፤ የብረት ቸርኬ ደግሞ በዝናብ ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። በደረቅ ቀን 5 ሜትር ላይ የሚያቆመው በዝናብ ሦስት እጥፍ ርቀት ሊወስድ ይችላል። ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ አይመከርም፤ ሰው ወርዶ እየገፋ ካልወረደ። ሁለተኛው ችግር ፔዳሉን ከመሐል አክሰሉ ጋር የሚያያዘው ሽብልቅ ነው። ከላላ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ ጎድጎዶ ይበላል፣ ከዚያ ቢጠብቅም አይይዝም። አዲስ ሽብልቅ ሲገባ በመዶሻ መትቶ ብሎኑን ማጥበቅ፣ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና ማጥበቅ ነው። ሁለት ትርፍ ሽብልቅ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ለማን ይሆናል? ከባሕር ዳር ፎገራ፣ ወረታ፣ መራዊ እያለ ሜዳ ላይ ለሚጓዝና ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋት ለማይከብደው ሰው።

አዲስ ባለ ሁለት ሾክ

ይህን አትግዙ። ሱቅ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያምረው እሱ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። የኋላ ሾኩ በእያንዳንዱ የፔዳል ምት ይረግባል፤ ዳገት ላይ ጉልበታችሁ የሚሄደው ሞላውን ለማርገብ ነው። ፍሬሙ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ያለው ቡሺንግ የሚባል ቀለበት በጥቂት ወራት ይላላል፤ ምትኩ ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው፣ የኋላ መጫኛ የሚታሰርበት ቦታ የለውም፤ ከመቀመጫው ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት መጫኛ ከ8 ወይም 9 ኪሎ በላይ ሲጫንበት ወደ ጎን ይዞራል፣ ጎማውን ይነካል። «ለኮሮኮንች ይመቻል» የሚል ሻጭ ካለ፣ የጎማውን ነፋስ ትንሽ መቀነስ ከዚያ ሾክ የበለጠ ይሠራል በሉት።

የፊት ሾክ ብቻ ያለው ርካሽ አዲስ ብስክሌት በመጠኑ ይሻላል። ሲገዛ ግን የኋላውን አክሰል ተመልከቱ። የኋላ ጥርሶቹ አንድ ላይ በክር የሚጠመዱበት ዓይነት ከሆነ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከአክሰሉ ጫፍ ርቆ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አክሰሉ በዚያ በኩል ሳይደገፍ ይቀራል። 15 ኪሎ ተጭኖ ኮሮኮንች ላይ ሲነዳ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይሰበራል። ምልክቱ መንኮራኩሩ ሲሽከረከር የኋላ ጥርሶቹ እየተወዛወዙ መታየታቸው ነው።

ያገለገለ ማውንቴን

ለብዙው ሰው መልሱ ይህ ነው፤ በተለይ ሾክ የሌለው፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካው ቀጥ ያለ ብረት የሆነ፣ ባለ 26 ጎማ። ፍሬሙ ለጭነት ይጠነክራል፣ ማርሹ ዳገት ይወጣል፣ 26 ጎማ ደግሞ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ናይሮቢም ይገኛል። የታወቀ ስም ያለው ያገለገለ ብስክሌት ስም ከሌለው አዲስ ይበልጣል፤ ግን ሳይፈተሽ አይገዛም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብስክሌቱን ገልብጡት። ከመሪው በታች ዋናው ቱቦ የሚጋጠምበትን ቦታ በጥፍር ዳስሱ፤ ቀለሙ የተጨማደደ ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ብስክሌቱን ተዉት። ብረት ከሆነ ይበየዳል ይባላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን በጭነት የሚወርድ ሰው ብየዳ ማመን የለበትም። አሉሚኒየም ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም።

ቀጥሎ የመቀመጫው ዘንግ ይውጣ። ዓመታት ያልተነቀነቀ የአሉሚኒየም ዘንግ በብረት ፍሬም ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል፤ ሻጩ «ልክህ ስለሆነ አትንካው» ካለ የማይወጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ፤ መሪው ሥር ኳ ኳ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ይህ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ነው። መንኮራኩሩን አንስታችሁ አሽከርክሩ፤ በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚለዋወጥ ከሆነ የመንኮራኩሩ ሽቦዎች መወጠር አለባቸው። ጣታችሁን የፍሬኑ ጎማ በሚነካው የቸርኬ ጎን ላይ አሳልፉ፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ተበልቷል፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይሰነጠቃል።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ተነስታችሁ 20 ፍሬ ስትቆጥሩ በአዲስ ሰንሰለት 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 256 ከደረሰ ሰንሰለቱ ይቀየር፤ ከ257 ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብትገዙ ዳገት ላይ እየዘለለ ጉልበታችሁን ፔዳል ያስመታችኋል።

ልኩም አለ። ፍሬሙን በእግሮቻችሁ መካከል አድርጋችሁ መሬት ላይ ስትቆሙ በላይኛው ቱቦና በእናንተ መካከል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። መቀመጫው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ይበል። ባሕር ዳር መንገድ ላይ ጉልበቱ ደረቱ እስኪደርስ ታጥፎ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ ለገበያ መላላሻ ምንም አይደለም፣ በሦስተኛው ቀን ጉዞ ግን ጉልበት ይይዛል።

የግዢ ደረሰኝ ወይም የፍሬም ቁጥሩ የተጻፈበት የሽያጭ ውል መጠየቅ አይረሳ። የተሰረቀ ብስክሌት ይዞ ኬላ ላይ መቆም መጥፎ ነው፣ ድንበር ላይ ደግሞ የባሰ።

ኮርስ

ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፤ ባዶ እጁን አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሰው ደስ ይላል። ለጉዞ ግን 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን ጎማው እስከ 100 ፒኤስአይ ነፋስ ይፈልጋል፤ በእጅ ፓምፕ መንገድ ዳር ይህን መሙላት መከራ ነው፤ ነፋሱ ካነሰ ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬው ሁለት ጠርዝ ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። መጫኛ ማሰሪያ የለውም። ማርሹ ከባድ ነው። ሐሙሲት ድረስ ሄዶ ለመመለስ ካልሆነ ሌላውን ምረጡ።

የጉዞ ብስክሌት

ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ነው፤ ከፊትም ከኋላም መጫኛ የሚታሰርበት፣ 36 ሽቦ ያለው መንኮራኩር፣ ተረከዝ ሻንጣ እንዳይመታ ረዘም ያለ ጀርባ። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አይጠበቅም፤ በዘመድ በኩል ከውጭ ይመጣል። የሚያመጣው ሰው «የትኛውን ልያዝ?» ሲል መልሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አዲስ የወጣው ሁሉ ለእኛ መንገድ አይሆንምና።

ከኋላ 8 ወይም 9 ማርሽ ያለው ይሁን፤ የ11 እና የ12 ሰንሰለት ቀጭን ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ምትኩም በየከተማው የለም። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በሽቦ የሚሳበው ይሁን፤ በዘይት የሚሠራው አንድ ጊዜ አየር ከገባው የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ሰው ወረታ ላይ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የፍሬን ሽቦ ግን የትም አለ። የዲስኩ መያዣ ንጣፍ ሁለት ጥንድ ትርፍ አብሮ ይምጣ። ከመነዳሪው የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ይሁን። ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ ግን ትንሿን መለወጫ አፍ መያዝ ግድ ነው፤ አለዚያ ጎሚስታው ኮምፕረሰር ይዞ እናንተን ይመለከታል።

ገንዘቡ ካለ ይህ ከሁሉም ይሻላል። ከሌለ ደግሞ ያገለገለ ማውንቴን ላይ ጠንካራ መጫኛ አሳስሮ፣ ጎማውን ለስላሳ ጥርስ ባለው ቀይሮ መሄድ የዚህን ብዙውን ጥቅም ይሰጣል።

ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚጠይቅም አለ። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው። ለውጭ ጉዞ ግን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም፤ 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ 360 ነው። ባትሪው ካለቀ ደግሞ 25 ኪሎ ብረት ዳገት መግፋት ነው።

«28» የሚለው ቁጥር ያሳስታል

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የጥንታዊው ብስክሌት 28 እና የኮርስ ወይም የጉዞ ብስክሌት 28 አንድ አይደሉም። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ቸርኬው የሚቀበለውን ልክ በሚሊ ሜትር ይናገራሉ። የጥንታዊው 635 ነው፣ የኮርስና የጉዞው 622፣ የማውንቴን 26 ደግሞ 559። 29 የሚባለውም 622 ነው፤ ከቸርኬውና ከፍሬሙ ስፋት ጋር ከሄደ ይገባል። 635 ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ ሰፍቶ ይወልቃል፤ 622ቱ በ635 ላይ ጨርሶ አይገባም። ከመነዳሪ ግን ይለጠጣል፤ ስፋቱ ከተቀራረበ የአንዱን ለሌላው በችግር ጊዜ መጠቀም ይቻላል።

በዚህ ሒሳብ ምርጫው በአገሩ ይለያያል። ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያና ለኡጋንዳ 559 ይዞ መሄድ የተሻለ ነው። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ግን 26 እየጠፋ ነው፤ እዚያ 622 በየሱቁ አለ።

ጭነትና መለዋወጫ

ከብስክሌቱ ዋጋ ሌላ ከጠቅላላው በጀት አንድ አራተኛውን ለዚህ አስቀሩ። ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ገንዘብ የጨረሰ ሰው በአሮጌ ጎማ ይነሳል፣ ወረታ ላይ ይቆማል።

መጫኛው የብረት ዘንግ ይሁን። አሉሚኒየም ሲሰበር በየቦታው አይበየድም፤ ብረት ግን በየትኛውም ከተማ ከበር ሠሪው ዘንድ ይበየዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ዘንጉ ሳይሆን ከታች የሚይዘው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፤ ንዝረት ያላላዋል፣ ከላላ በኋላ ይቆረጣል። በየማታው በቁልፍ ነክቶ ማየትና አራት ትርፍ ብሎን መያዝ ነው።

ውድ ውኃ የማያስገባ ሻንጣ ከሌለ ሁለት ቢጫ ጀሪካን በቂ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ሰፊውን ጎኑን በሦስት በኩል ቆርጦ እንደ በር እንዲከፈት ማድረግ፣ ከመጫኛው ጋር በሁለት ቦታ በብሎንና በሰፊ ቀለበት ማሰር፣ ክዳኑን ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ መዝጋት። በክረምት ዝናብ ውስጡ ያለው ልብስ ብዙም አይረጥብም፤ ከተሰነጠቀም ምትኩ ከየገበያው ይገኛል።

ከኋላ ከ15 ኪሎ አይበልጥ። ሁሉም ከኋላ ከሆነ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይነሳል፣ የኋላ ሽቦዎችም መሰበር ይጀምራሉ። ሽቦ የሚሰበረው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከኋላ በቀኝ፣ በጥርሶቹ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ቁልቁል ቆመው ከግራዎቹ የበለጠ ስለሚወጠሩ። እነሱን ለመቀየር ጥርሶቹ መውጣት አለባቸው፤ ለዚያ የሚሆነው ባለ ጥርስ መፍቻ ከብስክሌት ወደ ብስክሌት ይለያያል። ልካችሁን ገዝታችሁ ያዙ፤ ትልቁን ቁልፍ ጋራዥ ያበድራችኋል፣ ትንሹን መፍቻ ግን የሚያበድር የለም። የቀኝና የግራ ሽቦ ርዝመቱ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ፍሬም ላይ በፕላስተር ጠቅልሉ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መጠገኛ ላስቲክ፣ ፓምፕ፣ ሰንሰለት መፍቻ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ አንድ አንድ፣ አራት የፍሬን ጎማ፣ ትንሽ ዘይት። ቀን ላይ 4 ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ፤ ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት ይበልጣሉ፤ አይቀልጡም፣ አይበላሹም፣ በሶ ደግሞ ውኃና ስኳር ካገኘ ምሳ ይሆናል። ጎማውን በተመለከተ 26 በ1.95 ለሆነ፣ ጭነት ይዞ አስፋልት ላይ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ፣ ኮሮኮንች ላይ ከ35 እስከ 40።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን በዝግታ ይዞ መቆየት ቸርኬውን ያግላል፤ ዓባይ በረሃን ሲወርዱ የጋለ ቸርኬ ከመነዳሪውን ያፈነዳል። ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት ቀንሶ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ፣ በየ3 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማቀዝቀዝ።

ድንበር ለሚሻገር

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ለመጀመሪያ የውጭ ጉዞ ጥሩ ምርጫ የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ በማርሳቢት በኩል ረጅም፣ ሞቃትና ውኃ የራቀው መንገድ ስለሆነ 4 ሊትሩ ወደ 8 ይደግ። ኬንያና ኡጋንዳ በግራ ነው የሚነዳው። ባሕር ዳር የለመደ እጅ አደባባይ ላይ ይሳሳታል፤ ከግራ መሪ ላይ ያለው መስተዋት ሞያሌ ላይ ወደ ቀኝ ይዛወር። ሩዋንዳ እንደኛው በቀኝ ነው።

ሩዋንዳን የሚመርጥ ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ይሂድ። ኪቩ ሐይቅን ይዞ ከሩባቩ ወደ ሩሲዚ የሚሄደው የኮንጎ ናይል መንገድ 227 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐይቅ ዳር ሲባል እንደ ጣና ዳር ሜዳ የመሰለው ይሳሳታል፤ ዳገትና ቁልቁለት አያልቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ ኪጋሊ ላይ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹም ያማረሩት ዳገቱን ነው። ለአጭር ጉዞ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ እዚያው መከራየት የራስን ከመጫን ይረክሳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ የራስን መውሰድ ይሻላል።

በአውሮፕላን ለሚወስድ፦ ትኬት ከመቁረጥ በፊት አየር መንገዱ የሚቀበለውን ክብደትና የሳጥን ልክ በጽሑፍ ጠይቁ። የብስክሌት ካርቶን ከሻጮች በነፃ ወይም በትንሽ ብር ይገኛል። የፊት መንኮራኩሩ ይወጣል፣ መሪው ዞሮ ከፍሬሙ ጋር ይታሰራል፣ መቀመጫው ይወርዳል። ሹካው ሁለት ጫፎች መካከል አንድ እንጨት በልኩ ቆርጣችሁ አስገቡ፤ ካርቶኑ ሲወረወር ሹካው እንዳይጨፈለቅ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው በአንድ ብሎን ይፈታና በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍሬሙ ውስጥ ይታሰር፤ በጉዞ ላይ ቶሎ የሚታጠፈው እሱ ነው። ፔዳሎቹን ስትፈቱ ቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፣ ግራው ግን በተቃራኒ ወደ ቀኝ። ይህን ያላወቀ ጉልበተኛ ክሩን አበላሽቶ፣ ኪጋሊ ደርሶ ፔዳሉ አልገባም ይላል።